ድብርትና ጭንቀትን በስልክ ማከም፦ ምኑ ይሠራል፣ ምኑስ አይሠራም?

ድሬዳዋ ውስጥ ድብርት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አእምሮ ሐኪም አይደለም። ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ሰውነቱ ዝሏል፤ ስለዚህ ቅርቡ ወዳለው ክሊኒክ ጎራ ይላል። የታይፎይድ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ይሞክራል። ቤተሰቡ እንደ እምነቱ ጠበል ይወስደዋል ወይም ቁርኣን ያስቀራለታል። ድል ጮራ ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና የሚደርሰው፣ የሚደርስ ከሆነ፣ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ሲደርስም ባለሙያው ጥቂት፣ ታካሚው ብዙ በመሆኑ የሚያገኘው ጊዜ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ይወጣል። የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየሳምንቱ ተቀምጦ ችግርን በዘዴ መፍታት፣ ለብዙው ሰው በስም እንኳ የማይታወቅ ነገር ነው።

ስልኩ ግን እጁ ላይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ሲከፍት ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ያስቀደመው ድሬዳዋን ነበር። ታይዋን የሚባለው የከተማዋ ገበያ የገባ ሰው ደግሞ ስልክ ሳይገዛ ቢወጣ ገንዘብ አንሶት እንጂ ዕቃ ጠፍቶ አይደለም። ታዲያ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘው የንግግር ሕክምና በዚህ ስልክ ሊመጣ ይችላል? ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች ለዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ይህን ያሳያሉ። እነዚያው ጥናቶች ግን የመተግበሪያ ሻጮች እምብዛም የማያወሱትን አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ ፕሮግራሙ በደንብ የሚሠራው ከጀርባው ሰው ሲኖር ነው።

ስለ ሕክምናው ከማውራታችን በፊት ስለ ሕመሙ ትንሽ እንበል። ማዘን በሽታ አይደለም። ሰው የሚወደውን ሲያጣ ያለቅሳል፣ ሱቁ ሲከስር እንቅልፍ ያጣል። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት የከፋ ስሜት ወይም የደስታ መጥፋት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሲዘልቅና የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ አንዳንዴም የሞት ሐሳብ ሲታከልበት ነው። የጭንቀት ሕመም የሚባለው ደግሞ ፍርሃቱ ከምክንያቱ በልጦ፣ ወይም ምክንያት አልባ ሆኖ፣ ሥራንና ኑሮን ሲያሰናክል ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው ግምት 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት፣ 280 ሚሊዮን ሰዎች ከድብርት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር።

በስልክ የሚሰጥ ሕክምና ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚጀምረው በመጠይቅ ነው። በብዛት የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መለኪያ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ይጠይቃል፦ ለነገሮች ፍላጎት አጥተዋል? ከፍቶዎታል? እንቅልፍዎ እንዴት ነበር? እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ «በጭራሽ» ያለ 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ያለ 3። ድምሩ ከ27 ይታያል። ከ5 በታች ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከ10 ጀምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። መጠይቁ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል፤ ስለዚህ ባዕድ መሣሪያ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ለጭንቀትም ሰባት ጥያቄ ያለው ተመሳሳይ መለኪያ አለ።

ነጥቡ ግን ምርመራ አይደለም፤ ጥርጣሬን የሚያስነሣ ቁጥር ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ የሚያልፋቸው ሁለት ነገሮች ቁጥሩን ያዛቡታል። አንዱ ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ ክፉ ድብታና መነጫነጭ ይከተላል። ከሰዓት በኋላውን በርጫ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በሐቀኝነት ቢመልስ ነጥቡ ሰማይ ሊነካ ይችላል። ያ ማለት ድብርት የለበትም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ከድብርቱ ለመሸሽም ይቅማል። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ የሚለየው ግን ጠይቆ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ «እንቅልፍ አጥተዋል?» ተብሎ «አላጣሁም» የሚል ሰው ካለ እሱ ነው መጠርጠር ያለበት።

አሁን ወደ ሕክምናው። መተግበሪያዎቹ ውስጥ ያለው ሐሳብ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ አሮን ቤክ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በድብርት የታመሙ ሰዎች ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ ያላቸው ሐሳብ በአንድ አቅጣጫ የተዛባ መሆኑን አስተዋለ። ያንን ሐሳብ ታካሚው ራሱ እንዲመረምረው ማስተማር ስሜቱንም እንደሚለውጥ አሳየ። ከዚህ የተወለደው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ የቤት ሥራ ያለው፣ ከስምንት እስከ ሃያ በሚደርሱ ክፍለ ጊዜያት የሚያልቅ ነው። እንዲህ ዓይነት በክፍል የተከፋፈለና የቤት ሥራ ያለው ነገር ደግሞ ለኮምፒውተር ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አደረገው፤ በ2006 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት በኮምፒውተር የሚሰጥ ሕክምና እንዲታዘዝ መከሩ። ጀርመን ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሐኪም መተግበሪያ እንደ መድኃኒት ያዝዛል፣ የጤና መድኅኑም ይከፍላል።

በተግባር ምን ይመስላል? ከዚራ አካባቢ የምትኖር አንዲት መምህርት እናስብ። ከታመመች ወዲህ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሯን ትዘጋለች፤ እስከ ሌሊት ስልኳን እያገላበጠች ትተኛለች። ጓደኞቿ ሲደውሉ አታነሳም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰዓቷን ማስመዝገብ ነው፦ በየሁለት ሰዓቱ ምን እያደረገች እንደነበረና ስሜቷ ከ10 ስንት እንደሆነ። ከሳምንት በኋላ ራሷ የምታየው ነገር አለ፤ ዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች የተደረደሩት በተኛችባቸው ሰዓታት ላይ ነው። ከዚያ ድሮ ደስ የሚሏትን ነገሮች ትዘረዝራለች፤ ከመካከላቸው ትንንሾቹ ይመረጣሉ፤ ቀንና ሰዓትም ይቆረጥላቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከዛፎቹ ሥር እስከ ለገሃር በእግር መሄድ። ሐሙስ ከሥራ መልስ ቀፊራ ወርዶ አስቤዛ መግዛት። ቅዳሜ መጋላ አክስቷ ቤት ቡና መጠጣት። ከመሄዷ በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚላት ትገምታለች፤ ስትመለስ የሆነውን ትጽፋለች።

«አክስቴ ቤት፦ ግምት 1፣ የሆነው 4» ብላ ስትጽፍ ሕክምናው ሥራውን ጀምሯል። 4 ከ10 ትልቅ ደስታ አይደለም። ነገር ግን ድብርት «ብትሄጂም ምንም የለውም» እያለ ሲነግራት የነበረው በራሷ እጅ ጽሕፈት ተስተባበለ። የታመመ ሰው «ስሜቴ ሲመለስ እነሣለሁ» ይላል፤ ይህ ሕክምና ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መነሣቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። በጥናት ሲፈተን ይህ ብቻውን፣ ያለ ሌላው የሐሳብ ምርመራ፣ ድብርትን እንደሚቀንስ ታይቷል።

የሐሳብ ምርመራው ቀጥሎ ይመጣል። ርእሰ መምህሩ በጠዋት ሰላምታዋን ሳይመልስ አለፈ እንበል። ወዲያው የመጣላት ሐሳብ «ከሥራ ሊያስወጣኝ ነው፤ ከድሮም አልረባም» የሚል ነው። ስልኩ ላይ አራት ሳጥኖች አሉ፦ የሆነው ነገር፣ የመጣው ሐሳብ፣ ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ፣ የሚቃወም ማስረጃ። ባለፈው ሳምንት የፈተና ኮሚቴ ውስጥ ያስገባት እሱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ እያወራ ነበር ያለፋት። መጨረሻ ላይ «ሰላምታዬን አልሰማ ይሆናል፤ ነገ አይቼ እፈርዳለሁ» ብላ ትጽፋለች። ይህ በየመድረኩ «አዎንታዊ አስቡ» ከሚሉን ሰዎች ምክር ጋር አንድ አይደለም። ማንም ራሷን እንድታታልል አይጠይቃትም፤ ዳኛ እንደሚያደርገው የሁለቱንም ወገን ማስረጃ እንድታይ እንጂ። ርእሰ መምህሩ በእርግጥም ተቀይሟት ከሆነ ማስረጃው ያንን ያሳያል፤ ያኔ የሚሠራው ችግሩን መፍታት ነው።

ለጭንቀት መንገዱ ይለያል። ከድሬዳዋ ሐረር ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ እናስብ። አንድ ቀን ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ ልቡ መደለቅ ጀመረ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ እጁ ደነዘዘ፣ «ሞትኩ» አለ። ሆስፒታል ተወሰደ፣ ልቡ ተመረመረ፣ ደኅና ነው ተባለ። የደረሰበት ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ነው፤ ሰውነት አደጋ በሌለበት የአደጋ ደወል ሲደውል የሚፈጠር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነጋዴው ያንን መንገድ ተወ። ዕቃውን በሰው ይልካል። በቀረ ቁጥር እፎይ ይላል፤ እፎይታው ደግሞ ለአእምሮው «መንገዱ በእርግጥ ይገድል ነበር» የሚል ምስክር ይሆናል። ፍርሃቱ በመሸሽ የሚፋፋ ነው።

መተግበሪያው የሚያደርገው ደረጃ መሥራት ነው። መጀመሪያ መናኸሪያ ሄዶ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ አሥር ደቂቃ መቀመጥ። ቀጥሎ ከተማው ውስጥ በታክሲ መሄድ። ከዚያ እስከ ደንገጎ ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ እስከ ሐሮማያ፣ ከዚያ እስከ አወዳይ፣ በመጨረሻ ሐረር። በየደረጃው ስልኩ ፍርሃቱን ከ10 ያስመዘግባል፦ ሲነሣ፣ መንገድ ላይ፣ ሲደርስ። ዋናው ነገር ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ አለመውረድ ነው፤ ባሉበት ከቆዩ ማዕበሉ በራሱ ይበርዳል፤ ይህንን ደግሞ አካል የሚማረው በተግባር እንጂ በምክር አይደለም። ፕሮግራሞቹ ሰው ለመረጋጊያ ብሎ ይዞ የሚዞራቸውን ነገሮች እያደር እንዲተው ያዝዛሉ፤ ሁልጊዜ በር አጠገብ መቀመጥን፣ ያለ አጃቢ አለመጓዝን፣ የውኃ ጠርሙስ አለመለየትን። የመጨረሻዋን የጻፈው ሰው ድሬዳዋን በሰኔ አያውቃትም፤ ውኃዎን ይያዙ።

ከፍታ፣ ሸረሪት ወይም አውሮፕላን የሚፈራ ሰው ዓይኑ ላይ በሚታሰር መነጽር የሚፈራውን ነገር እያየ የሚለማመድበት ዘዴም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተፈትኖ ይሠራል። ውድ ስለሆነ እዚህ አንቆይበትም። ደንገጎ በነጻ አለ።

እስካሁን ያለው ሁሉ ለሰሚው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ሳምንት ነው። ድብርት ፍላጎትን የሚገድል በሽታ ነው፤ እኛ ደግሞ ለታመመው ሰው የምንሰጠው ብርቱ ፍላጎት የሚጠይቅ የቤት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በሰፊው የወረዱ 93 የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎችን አጠቃቀም ተከታትሎ ነበር። ከአውራጆቹ መካከል በ15ኛው ቀን መተግበሪያውን ሲከፍት የተገኘው በመካከለኛ ግምት 3.9 በመቶ፣ በ30ኛው ቀን 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶ ሰው ሦስት። በ2015 ደግሞ እንግሊዞች 691 የድብርት ታካሚዎችን ይዘው ያዩት ተመሳሳይ ነበር፦ ከተለመደው የሐኪም ክትትል ላይ የኮምፒውተር ሕክምና ቢጨመርም ልብ የሚባል ጥቅም አላመጣም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ጥቂት ክፍል ሠርቶ አቋረጠ። ይህ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሙሉ ልብ የተመከረው ሕክምና ነው።

ስዊድኖች ግን ሌላ ውጤት ነበራቸው። እነሱ ፕሮግራሙን ሲሰጡ ከጎኑ አንድ ባለሙያ ያስቀምጣሉ። ባለሙያው በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የታካሚውን የቤት ሥራ ያነብባል፣ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፍለታል፣ ከቀረ «ምነው ጠፋህ?» ይለዋል። እንዲህ ሲሆን ውጤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚሰጠው ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ሆኖ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ማጠቃለያ ልዩነቱን ለይቶ አስቀምጦታል፦ ድብርቱ ቀላል ከሆነ ሰው ኖረም አልኖረም ፕሮግራሙ ይረዳል፤ መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነ ግን የሚከታተል ሰው ያለው በግልጽ ይበልጣል።

ያ ሰው የግድ ሐኪም መሆን የለበትም። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ግኝት ይህ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ሊባኖስ ውስጥ ለሊባኖሳውያንና ለሶርያ ስደተኞች በስልክ የሚሠራ አምስት ክፍል ያለው ፕሮግራም አዘጋጅቶ በሁለት የተለያዩ ጥናቶች ፈተነ፤ ውጤታቸው በ2022 ታተመ። ትምህርቱ የሚቀርበው ከድብርት ባገገመ ገጸ ባሕርይ ታሪክ በኩል ነው። ረዳቶቹ አጭር ሥልጠና የወሰዱ፣ የሥነ ልቦና ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ሰው በሳምንት እስከ 15 ደቂቃ ይሰጣሉ። ብዙ ሰው እዚያም አቋርጧል። ቢሆንም ፕሮግራሙን ያገኙት ሰዎች ድብርት ካላገኙት ይበልጥ ቀነሰ፤ ከሦስት ወር በኋላም አልጠፋም። ቤሩት መብራት በሚጠፋበት፣ ገንዘብ በሚረክስበት ጊዜ የተሠራ ነውና «እኛ አገር አይሆንም» ለማለት አይመችም።

እንዲያውም ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም አልቀረበትም። ቺካጎ ውስጥ 325 የድብርት ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በአካል፣ ግማሾቹን በተራ የስልክ ጥሪ አከሙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በአካል ይመጡ ከነበሩት 33 በመቶ ያህሉ ሲያቋርጡ በስልክ ከታከሙት ያቋረጡት 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሕክምናው ሲያልቅ ውጤታቸው እኩል ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ በአካል የታከሙት ጥቂት በልጠው ተገኙ። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ድል ጮራ ለመድረስ የቀን ገቢውን ለሚያጣ ሰው ይህ ትንሽ ብልጫ ሊቀርበት ይችላል።

ስለ ሮቦቶቹ፣ ማለትም እንደ ሰው በጽሑፍ ስለሚያወሩት ፕሮግራሞች፣ ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ ወጣቱ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ነው። አውርቶ የሚመልስ ማሽን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ በአሜሪካ የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ ምንም አያውቅም ነበር፤ «አዝኛለሁ» ሲሉት «ስላዘኑ አዝናለሁ» እያለ ቃላቸውን የሚመልስ ነው። ሲሠራው ቁጭ ብላ ያየችው ጸሐፊው እንኳ ጥቂት እንደተጻጻፈችው «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ፕሮፌሰሩ በዚህ ደንግጦ የቀረ ዘመኑን ማሽንን በሰው ቦታ መተካትን ሲቃወም ኖረ።

የዛሬዎቹ ከኤላይዛ እጅግ ይራቀቃሉ። በ2025 የአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለሕክምና ብለው የሠሩትን ሮቦት በ210 ሰዎች ላይ ፈትነው የተጠቀሙት የድብርት ታካሚዎች ምልክት በአማካይ 51 በመቶ እንደቀነሰ ዘግበዋል። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይታከልበት። የተነጻጸሩት ገና ተራ ከሚጠብቁና ምንም ካላገኙ ሰዎች ጋር ነው፤ የሮቦቱን መልእክቶች ደግሞ ሰዎች ይከታተሉ ነበር። አሁንም ሰው አለ ማለት ነው። ለአጠቃላይ ወሬ የተሠሩት ሮቦቶች ይህ የላቸውም። ጠባያቸው መስማማት ነው፤ «ማንም አይወደኝም» ላላቸው ሰው ሐሳቡን ከመመርመር ይልቅ ማባበል ይቀናቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2023 የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው የተከፈተ አንድ ሮቦት ክብደት ስለ መቀነስ ሲመክር ተገኝቶ ተዘግቷል። ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሮቦት ራሱን ችሎ የአእምሮ ሕክምና እንዳይሰጥ በሕግ ከልክላለች። በእኔ ግምት ለቤት ሥራው አጋዥነት ይጠቅማሉ፤ ሳጥኖቹን ለመሙላት፣ ደረጃውን ለማውጣት። ለምስጢር ግን አይሆኑም።

ምስጢር ካነሣን፣ ፊንላንድ ውስጥ የሆነውን ማወቅ ይበጃል። ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የታካሚዎቹን ማስታወሻ በኮምፒውተር ያስቀምጥ ነበር። በ2020 የ33,000 ያህል ሰዎች መዝገብ መሰረቁ ታወቀ። ሌባው መጀመሪያ ድርጅቱን፣ እምቢ ሲለው ታካሚዎቹን አንድ በአንድ «200 ዩሮ ካልከፈልክ ለሐኪምህ የነገርከውን አወጣዋለሁ» እያለ አስፈራራ። በ2024 ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት፤ የወጣው ምስጢር ግን አይመለስም። አሜሪካ ደግሞ በ2023 ቤተር ሄልፕ የተባለው ኩባንያ የታካሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ ለፌስቡክና ለሌሎች ሰጥቷል ተብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል፤ የጤና መረጃንም ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ግን የሚኖሩት ውጭ አገር ነው።

እዚህ ያለው የምስጢር ጠላት ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። ስልኩን ወንድም ይደውልበታል፣ ልጅ ጨዋታ ይጫወትበታል፣ ሲበላሽ ጠጋኙ የይለፍ ቁጥሩን ተቀብሎ ያሳድረዋል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ከተማ «ድብርት» የሚል ጽሑፍ ስልክ ላይ ብቅ ማለቱ ብቻ ወሬ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ማሳሰቢያዎቹን መዝጋትና መተግበሪያው ላይ የራሱን የይለፍ ቁጥር ማድረግ ነው። ይህን የማይፈቅድ መተግበሪያ ይቅርብዎት።

ታዲያ ድሬዳዋና ሐረር ላይ የጎደለው ምንድን ነው? ፕሮግራም አይደለም፤ ፕሮግራሙ ተጽፏል፣ ተፈትኗል። መጀመሪያ የጎደለው ቋንቋ ነው። አብዛኛው የተፈተነ መሣሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ደግሞ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪም ያስፈልጋሉ። ጽሑፍ ለማንበብ ለሚቸገር በድምፅ የተቀረጸ ትምህርት ይሻላል፤ ከቪዲዮ ይልቅ የኢንተርኔት ጥቅልንም ይቆጥባል። ቀጥሎ የጎደለው በሳምንት 15 ደቂቃ የሚደውለው ሰው ነው። እሱን ከሰማይ መጠበቅ አያሻም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ፤ ቤት ያንኳኳሉ፣ ሰዉን በስም ያውቁታል። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐረር ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ በአስተማሪያቸው ክትትል ሊደውሉ ይችላሉ። ዚምባብዌ ውስጥ ይህን ሥራ በሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚሠሩት አያቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም ውጤቱ ያማረ መሆኑን አረጋግጧል። የሥራ ጫናው ግን መታሰብ አለበት፤ በኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ላይ ያልተጫነ ነገር የለም፤ ጊዜ ሳይሰጧት ይህንንም ጨምሪ ማለት ፕሮግራሙን ገና ሳይጀመር መግደል ነው።

ስልክ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነዚህ ላይ ድርድር የለም። ሰው የሌለበትን ድምፅ የሚሰማ፣ ያለ ምክንያት ሰዎች እያሴሩበት እንደሆነ የሚያምን፣ ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ ሳይደክመው ገንዘብ እየበተነ ከልክ በላይ የፈነጠዘበት ጊዜ የነበረው፣ ወይም ከወለደች ወዲህ ሕፃኑን ለመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባት እናት በቀጥታ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው። በመጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ ላይ የሞት ሐሳብ እንዳለው የመለሰ ሰውም እንዲሁ። ይህን መልስ ተቀብሎ በጸጥታ ወደ ሚቀጥለው ገጽ የሚያሻግር መተግበሪያ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ብቻውን አይተው፤ የተባይ ማጥፊያና የተረፈ መድኃኒት ከቤት ይውጣ፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ሰውየውን «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብዙዎች እንዲያውም የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ነው እፎይ የሚሉት።

መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ መተግበሪያ ስለጀመረ መድኃኒቱን አያቋርጥ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ብዙዎች የሚተዉትም ልክ ሊሠራ ሲል ነው። ስልኩ እዚህ ላይ ቀላል አገልግሎት አለው፤ ሰዓቱን ያስታውሳል፣ የጎንዮሽ ስሜቱን ይመዘግባል።

ሕመሙ ቀላል ከሆነና መሞከር ከፈለጉ፣ ማን እንደሠራው ስሙን የሚናገር፣ በምን ጥናት እንደተፈተነ የሚያስረዳ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ፕሮግራም ይምረጡ። ከዚያ የሚያምኑትን አንድ ሰው፣ እህት ይሁን ጓደኛ፣ በየሳምንቱ በተቆረጠ ቀን «የዚህን ሳምንት ሠራህ?» ብሎ እንዲጠይቅዎት ያስቸግሩ። ምን እንደጻፉ ማየት የለበትም፤ መጠየቁ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን የዘጠኙን ጥያቄዎች ነጥብ ይያዙ፤ በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። በአራተኛው ሳምንት ነጥቡ ካልወረደ ወይም ከወጣ ፕሮግራሙን ለመቀየር አይድከሙ፤ የመዘገቡትን የእንቅልፍ፣ የስሜትና፣ የሚቅሙ ከሆነ፣ የጫት ሰዓት ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ ለእርስዎ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አራት ሳምንት የተመዘገበ ወረቀት ሲቀርብለት ግማሹ ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል።